ዳገቱን የተከተለ ካብ

ዊኒ ራይስትሪክ ተንበርክካ ድንጋይ ትለያለች። ትልልቁን ወደ ካቡ ጥግ፣ መካከለኛውን ከበስተኋላዋ፣ ጠጠሩን ለብቻው በባልዲ። የጓንቷ ጫፍ ተቦዳድሶ ጣቶቿ ብቅ ብለዋል፤ የኅዳር ብርድ አቅልቷቸዋል። አንዱን ድንጋይ ታነሣና ታገላብጠዋለች፤ ፊቱ የትኛው እንደሆነ ታያለች፤ ካላማራት መልሳ ትወረውረዋለች። አፏም ከእጇ እኩል ይሠራል።

«ለፎቶ! ለፎቶ ብሎ የሰው ካብ ላይ ይወጣል! በሩ እኮ እዚያ ነው። ነጭ የቀባሁት እንዲታይ ብዬ ነው። ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።»

«ምናልባት ዓይኑ ካሜራው ላይ ነበር» አለ ዋቲ።

«አንተ ደግሞ ጠበቃ ቁምለት።»

ዋቲ ተርንቡል ከካቡ አጠገብ ተጣጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዳ ይጠጣል። የሟች እኅቷ የሜብል ባል ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ከሜብል ጋር መጥቶ ከዊኒ ቤት ጎን ያለችውን ትንሽ ቤት ያዘ። ሜብል ካረፈች ወዲህ የሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የአበባ መደብ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የዊኒ ጭስ መውጫ ካልጨሰ በሯን የሚያንኳኳው እሱ ነው። ልብሱን የምትጥፍለት እሷ ናት። ይህን ግን አንዳቸውም በአፋቸው አያወሩትም። ከአፋቸው የሚወጣው ጠብ ብቻ ነው።

ካቡ የተናደው እሁድ ነበር። አንድ ቢጫ ኮፍያ ያደረገ መንገደኛ ሸለቆው ከላይ እንዲታየው ብሎ ወጣበት። የአናቱ ድንጋዮች ከእግሩ ሥር ሲንቀሳቀሱ ዘሎ ወረደ፤ ካቡም ተከትሎት ወረደ። ዊኒ በወጥ ቤቷ መስኮት እጇ ሳሙና ውስጥ እንዳለ አየችው። ፎጣ አንሥታ እስክትወጣ ሰውየው እጁን ለሰላምታ አውለብልቦላት መንገዱን ቀጠለ። እሷን ከሁሉ ያንገበገባት ያ ማውለብለቡ ነው። ከኋላው የቀረው ክፍተት ጋሪ ያሳልፋል።

በሌላ ወር ቢሆን ክፍተቱ በአንድ የእንጨት አጥር ተሸፍኖ ይቆይ ነበር። ኅዳር ግን አውራ በግ የሚለቀቅበት ወር ነው። ከካቡ ወዲህ የዊኒ በጎች አሉ፤ ፊታቸው ጥቁር፣ አፍንጫቸው ነጭ፣ ቁመታቸው አጭር፤ ዘራቸው ከአባቷ ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ነው። ከካቡ ወዲያ የጎረቤቷ የክላይቭ ፒከርስጊል ማሳ ነው። ክላይቭ ሜጀር የሚባል አውራ በግ አለው፤ ደረቱ እንደ ቁም ሣጥን፣ ጭንቅላቱ እንደ ባልዲ። የሜጀር ልጆች በእናታቸው ሆድ ሳሉ ጀምሮ ባለ ትልቅ ራስ ናቸው። ለክላይቭ ግዙፍ በጎች ይህ ምንም አይደለም። የዊኒን ትንንሽ በጎች ግን በምጥ ይገድላቸዋል። አንድ ጸደይ ላይ አይታዋለች፤ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ፣ ያቺ በግ ዓይን ዓይኗን እያየቻት። ያን ቀን ማሳው ላይ ቁጭ ብላ ያለቀሰችውን ያየ ሰው የለም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ካቡ ቅዳሜ ሳይደርስ መቆም አለበት።

«በር አጋድሚበት» አለ ዋቲ።

«አምና ሜጀር የክላይቭን የብረት በር ከማጠፊያው ነቅሎ አንገቱ ላይ አጥልቆ ነው የሄደው። አላየህም?»

«በጎቹን ወደ ታችኛው መስክ አውርጃቸዋ።»

«ታችኛው መስክ ዛሬ ኩሬ ነው። ዳክዬ ቢሆኑ ኖሮ አወርዳቸው ነበር።»

«እሺ እሺ። እኔ ያሰብኩትን ነው የተናገርኩት።» ዋቲ ኮሌታውን ወደ ጆሮው ሳበ። «ብሬዩ ላይ ነፋሱ ተነሣ።»

«ባንኩ ላይ» አለች ዊኒ ቀና ሳትል።

«ብሬይ።»

«ባንክ። ያቺን ረዘም ያለች ድንጋይ አቀብለኝ።»

በዚያ አገር ለተዳፋት የስም እጥረት የለም። የሰሜን እንግሊዝ ሰው ዳገት ላይ ተወልዶ ዳገት ላይ ስለሚያረጅ ለእያንዳንዱ ዘንበል ላለ ነገር ስም አለው። ከቤት ደጃፍ ተነሥቶ የሚወጣው አቀበት ባንክ ነው፤ ገንዘብ የሚቀመጥበት አይደለም፣ እግር የሚደክምበት ነው። ዳገቱ ጎበጥ ብሎ ሰማዩ የሚጀምርበት ቦታ ብራው ነው። በጎች ቀጥ ብለው ዳገት ስለማይወጡ ጎን ለጎን እያጋደሉ የሚያወጡት ሰያፍ መንገድ ሬክ ነው። ካብ እንኳ ከታች ሰፍቶ ከላይ እየጠበበ ሲሄድ የሁለቱ ፊቶቹ ዝንባሌ ባተር ይባላል። ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ ሂል ብሎ የሚያልፈው መንገደኛ ብቻ ነው። ዊኒ ይህን ስትሰማ ጥርሷን ያማታል። ሰውን ሁሉ ሰውዬው ብሎ እንደ መጥራት ነው ትላለች።

ዋቲ ግን ከድንበሩ ማዶ ከስኮትላንድ የመጣ ነው። በሱ አገር ዳገት ብሬይ ነው። ጠቡ የተጀመረው በሠርጉ ቀን ነው። ሙሽራው ተነሥቶ «ከዚህ ብሬይ ላይ እንዲህ ያለች አበባ ስለሰጣችሁኝ…» ብሎ ምስጋናውን ሲጀምር፣ ዊኒ ከኋላ ጠረጴዛ ኬክ በአፏ እንደሞላ «ባንክ!» አለች። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ዋቲም ሳቀ፤ ግን አልተወውም። ሜብልም ከእሱ ጋር ሄዳ ስትመለስ ብሬይ እያለች መጣች። ዊኒ ይህን እንደ ክህደት ቆጠረችው። እኅቷን ባረመቻት ቁጥር ሜብል ትስቅባት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሳታርማት ቀርታለች። ሜብል የታመመች ጊዜ፣ አልጋዋ ላይ ሆና በመስኮት እያየች «ብሬዩ በረዶ ለበሰ» አለች። ዊኒ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው፤ ትራሱን አስተካከለችላት።

ረቡዕ ዕለት ክላይቭ መጣና ካልፈረሰው ካብ ላይ ክንዱን አስደግፎ ቆመ።

«አክስቴ ዊኒ፣ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ?»

ዝምድና የላቸውም። ትምህርት ቤት ሳለ ምሳ የምታድለው እሷ ስለነበረች፣ የዚያን ዘመን ልጆች ሁሉ እስከ ዛሬ አክስቴ ይሏታል።

«ወገቤን ተወው። በግህን እስከ ማክሰኞ ብትይዝልኝ ምናለ?»

«እኔ እይዘዋለሁ፤ እሱን ማን ይይዘዋል? ሌሊቱን የጎተራውን በር በግንባሩ ሲደበድብ ነው የሚያድረው። ይህን ሳምንት ያቆየሁትም ላንቺ ብዬ ነው። ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ካልለቀቅኩት ግልገሎቼ ከሣሩ ጋር አይደርሱልኝም።»

እውነቱን ነው። ዊኒን ይበልጥ ያበሳጫት ይኸው ነው። ክላይቭ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ የልቧን ተናግራው ይወጣላት ነበር።

«ከሰዓት በኋላ ላግዝሽ?»

«አንተ የካብከውን ካብ አይቼዋለሁ። በሽቦ የታሰረውን።»

«በሽቦ የታሰረ አይናድማ!»

«ካብም አይደለማ!»

ዋቲ ከወንበሩ ሆኖ «አየህ ክላይቭ፣ እኔንም እንደዚሁ ነው። አላግዝም ስላት ሰነፍ ትለኛለች፤ ላግዝ ስላት ተቀመጥ ትለኛለች» አለ።

«ጉልበትህን ቀደው በብረት የሰፉት ለድንጋይ ማንሻ አይደለም» አለች ዊኒ። «ተቀመጥና ሻይህን ጠጣ። ዝም ብለህ ጠጣ።»

እሷ ካብ መካብ የተማረችው ከአባቷ ነው። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ስለዚህ ከሜብልና ከእሷ መካከል የማትነጫነጨውን መረጠ። «በምርጫው ተሳስቷል» ትላለች ራሷ። ባሏ ሄድሊ ከሜዳ አገር የመጣ ሰው ነበር፤ ካብ አይሆንለትም፤ ዳገቱንም ሲወጣ እንደ አሮጌ ባቡር ያፏጭ ነበር። ስለዚህ ካቡን እሷ ትክባለች፤ እሱ ድንጋይ ያቀብላል። ሄድሊ ከሞተ በኋላ የምታነሣውም የምትክበውም እሷው ሆነች። ባለሙያ ብትፈልግም የምታገኘው ሁሉ እስከ ጸደይ ጊዜ የለኝም የሚል ነው።

ሐሙስ ዕለት ሥራውን ጥላ ከተማ መውረድ ግድ ሆነባት። የጥርስ ሐኪሙ ቀጠሮ ከተሰጣት ቆይቷል፤ ይህ ካለፋት ሌላው ገና ከፋሲካ በኋላ ነው። አፏ በመርፌ ደንዝዞ፣ አውቶቡሱ ዘግይቶ፣ ከአንዲት ስለ ድመቷ ሆድ ስታወራ ከምትውል ሴት ጎን ተቀምጣ፣ ሊመሽ ሲል ከዳገቱ ሥር ወረደች። ቀና አለች። ክፍተቱ የለም።

ካቡ ቆሟል።

ለአንድ አፍታ ልቧ ዘለለ። ከዚያ እየቀረበች በሄደች ቁጥር እርምጃዋ ከበደ። ዋቲ ካቡ አጠገብ ቆሟል፤ ኮቱ አቧራ ለብሷል፤ ሁለት ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ፈገግታውን መያዝ አቅቶታል።

«እህስ?» አላት። «ሽማግሌው ምን ይመስልሻል?»

ካቡ ያምር ነበር። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። የድንጋዩ ረድፎች እንደ ባቡር ሐዲድ ዳገቱን ተከትለው ወደ ላይ ይወጣሉ። መሬቱ ባዘነበለበት መጠን ድንጋዩም ዘንብሏል። ካብ ዳገት ላይ ሲሠራ ግን መሬቱ የፈለገውን ያህል ቢያጋድል ድንጋዩ በአግድም ነው የሚተኛው፤ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ሳህን። ዳገቱን ከተከተለ አንዱ ድንጋይ ሌላውን እየገፋ ይንሸራተታል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የሁሉም ሸክም የታችኞቹ ላይ ያርፋል። ልጅ ሳለች እሷም አንድ ጊዜ እንዲህ ሠርታ አባቷ በጫማው ጫፍ ነክቶ አፍርሶባታል።

ፕላስተር የታሰሩትን ጣቶቹን አየች። ከጉልበቱ በታች ሱሪው ረጥቧል፤ ተንበርክኮ ነበር ማለት ነው። በዚያ ጉልበት።

«ነገ በብርሃን አየዋለሁ» አለች በደነዘዘ አፏ።

«ምንም አትይም?»

«አፌ ደንዝዟል።»

«ተመስገን! አንድ ቀን ሆነልኝ» ብሎ ሳቀ፤ ፔርሙሱን አንሥቶ እያነከሰ ወረደ።

ዊኒ ራቷን አልበላችም። ጥርሷ ነው አለች ለራሷ። ቢቆምስ? ብላ አሰበች። እስከ ጸደይ እንኳ ባይሆን በጎቹ ተሰማርተው እስኪያበቁ ድረስ? ምናልባት ዝናብ ባይጥል? ከዚያ የጣሪያዋን ቆርቆሮ ሰማች። ዝናቡ ጀምሯል።

አርብ ጠዋት ሄዳ የታችኛውን ድንጋይ በመዳፏ ገፋ አደረገችው። ከሱ በላይ ያለው ረድፍ ሁሉ አቃሰተ። ወደ ላይኛው ጫፍ ስትሄድ ማታ ያልነበረ ስንጥቅ አየች፤ እጅ ያስገባል። ሜጀር አንድ ጊዜ በግንባሩ ቢነካው አለቀለት። ጓንቷን አጠለቀችና ከላይ ጀምራ ማፍረስ ያዘች። ዋቲ ሁለት ኩባያ ይዞ ሲመጣ ግማሹ መሬት ላይ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያፈረስኩ።»

«እሱስ ይታየኛል።»

«ድንጋዩ ያጋደለ ነው ዋቲ። ዳገቱን ተከትሏል። ተንሸራቶ ይወርዳል።»

«ትናንት ቆሞ አልነበረም እንዴ?»

«አንተስ ትናንት ቆመህ አልነበረም? ቆምክ ማለት ሸክም ትችላለህ ማለት አይደለም።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ዋቲ ጉልበቱን አየ። ኩባያዎቹን ቀስ ብሎ ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

«ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

ጣቶችህን አይቼ ነው ልትለው ትችል ነበር። ደስ ብሎህ ነበር፤ ሜብል ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም ልትለው ትችል ነበር።

«መሽቶ ነበር» አለችው።

ዋቲ ወንበሩን አጠፈ። ብብቱ ሥር ከተተና ወረደ። ጉልበቱ ቁልቁለት ስለማይችል ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ እንደ በጎቹ ጎን ለጎን እያጋደለ፣ ወዲያ ሄዶ ወዲህ እየተመለሰ ነው። ተቆጥቶ የሄደ ሰው ከዓይን ሳይጠፋ እንዲያ ሲንቀረፈፍ ማየት ትልቅ ቅጣት ነው። ዊኒ ሁለት ጊዜ ልትጠራው አሰበች። ሁለቱንም ጊዜ ድንጋይ አነሣች።

ቀኑን ሙሉ ሠራች። ከእንጨት የተሠራውን ከታች ሰፊ ከላይ ጠባብ የሆነውን የካብ መለኪያ ተከለች፤ ሲባጎውን በአግድም ወጠረች፤ ከታችኛው ጫፍ ጀመረች። ሁለቱን ፊት ትደረድራለች፤ መሀሉን በጠጠር ትጠቀጥቃለች፤ ሁለቱን ፊት አስሮ የሚይዘውን ረጅም ድንጋይ እያቃሰተች ታሻግራለች። ዝናቡ ከአንገቷ ገብቶ በወገቧ ይወጣል። ድንጋዩን ሰደበች፤ መንገደኛውን ሰደበች፤ የጥርስ ሐኪሙን፣ ሜጀርን፣ የድመቷን ሴትዮ ሰደበች። ዋቲን ግን አልሰደበችም። የኅዳር ፀሐይ ደግሞ ለሰው አይጨነቅም፤ ገና ሳይጠገብ ይጠልቃል። ሲጨልም ካቡ ጉልበቷ ጋ ደርሶ ነበር። ጉልበት ድረስ ለሜጀር ደረጃ ማለት ነው።

«ማለዳ ተነሥቼ እጨርሰዋለሁ» አለች።

ማለዳ ግን ወገቧ አልነሣም አላት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን እያየች፣ ካልሲዋም እሷን እያያት፣ መሀላቸው አንድ አገር ያህል ርቀት ሆነ። ግድግዳ እየያዘች ወጥ ቤት ደረሰች። የጫማዋን ክር ማሰር ስላልቻለች በሄድሊ ሰፊ የጎማ ቦት ውስጥ እግሯን ሰደደች። በሩን ስትከፍት ከወዲያኛው ማሳ በግ የሚጫንበት ተጎታች ጋሪ በር ወርዶ ሲላተም ሰማች። ክላይቭ ቁርሱን በልቷል።

ዳገቱን ወጣች መቼም፤ መውጣት ከተባለ። ቆም ትላለች፣ ትተነፍሳለች፣ የጎማውን ቦት ከጭቃ ትነቅላለች። ዓይኗን ከበጎቿ ላይ አላነሣችም። በዚያ አገር አውራ በግ ከመለቀቁ በፊት ደረቱ በዘይት በተለወሰ ቀለም ይቀባል፤ የደረሰባትን በግ ጀርባዋ ላይ ምልክት ይተዋል። የዊኒ አውራ ሰማያዊ ነው። የክላይቭ ቀይ። ዳገቱ ላይ የተበተኑትን ጥቁር ፊቶች አንድ በአንድ ቃኘች። ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ገና ያልተነካ፣ ሰማያዊ።

ከዚያ ክፍተቱ ላይ ቀይ ነገር አየች።

ልክ ካቡ ባለቀበት፣ ልክ ጉልበቷ ጋ ባደረሰችው ቦታ ላይ። ደማቅ ቀይ። ጎንበስ ቀና ይላል። ወዲያው ከበስተጀርባው የሜጀር ያ ባልዲ የሚያክል ራስ ብቅ አለ። ዊኒ እጆቿን ወደ ላይ ሰድዳ ጮኸች።

«ውጣ! ውጣ ከዚያ! ከብሬዩ ላይ ውረድ አንተ ርኩስ!»

ቀዩ ነገር ዞረ። ኮፍያ አለው።

«ምን አልሽ?» አለ ዋቲ።

ተጣጣፊ ወንበሩን ጉልበት ከደረሰው ካብ አስጠግቶ ክፍተቱ መሀል ተክሎ፣ ጉልበቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ክንዶቹን ግራና ቀኝ ወደ ቆመው ካብ ዘርግቶ ተቀምጧል። ፊቱ ወደ ዊኒ በጎች፣ ጀርባው ወደ ክላይቭ ማሳ። ዝናቡ ከዚያ በኩል ስለሚመታ ነው ፊቱን ያዞረው። ሜጀር ደግሞ የመጣው ከዚያው በኩል፣ ሬኩን ይዞ፣ ጎን ለጎን፣ ቀስ ብሎ ነው። መንገዱ ላይ ያገኘውን ጀርባ ሞከረው፤ አልሆነለትም፤ ደግሞ ሞከረ። የዋቲ ካፖርት ከጀርባው አልፎ እስከ ትከሻውና ክንዱ ድረስ ቀይ ሆኗል፤ ዊኒ ከጎን ያየችው እሱን ነው።

ዊኒ ቆማ አየችው። ሳቅ ይሁን ልቅሶ የመጣባት ለጊዜው አልገባትም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለኸው?»

«ከነጋ። ጭስ መውጫሽ አልጨሰም። ወገቧ ይዟታል አልኩ።» ሜጀር ከኋላ አንድ ጊዜ ነረተው፤ ወንበሩ ጮኸ። «ካብ መካብ አልችልም፤ እሺ። ካብ መሆን ግን አያቅተኝም። ቆሜ ሸክም አልችልም ብለሻል፤ ተቀምጬ እንደምችል አየሽ?»

«ዋቲ…»

«በአግድም ነው የተቀመጥኩት። አጋድለሃል እንዳትዪኝ።»

«ዋቲ፣ ትናንት የተናገርኩት…»

«መጀመሪያ ይህን አንሺልኝ። ከዚያ ትናገሪያለሽ።»

ክላይቭ እየሮጠ ደረሰ፤ ሜጀርን በቀንዱ ሊይዝ ፈልጎ ቀንድ እንደሌለው ትዝ ሲለው በአንገቱ አቅፎ ወደ ኋላ ጎተተው። ከዚያ የዋቲን ጀርባ አየ። ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ሳቅ፣ ሳቅ» አለው ዋቲ።

«አጎቴ ዋቲ» አለ ክላይቭ እንባውን እየጠረገ፣ «ሚያዝያ ላይ ነው እኮ የምትወልደው። መንታ ከሆነ አንዱ የኔ ነው።»

«ቀለብ ትቆርጥልኛለህ።»

ዊኒም ያን ጊዜ ሳቀች። ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ፣ እያቃሰተች፣ «ኧረ አታስቁኝ፣ አታስቁኝ» እያለች ሳቀች። ቀጥላም በጎቿን እንደገና ቃኘች። ከሰማያዊ ሌላ የለም። በዚያ ዳገት ላይ ቀይ ጀርባ ያለው ዋቲ ብቻ ነው።

ክላይቭ ሜጀርን ተጎታቹ ውስጥ መልሶ ቆለፈበት። ሦስቱም ካቡን ሊጨርሱ ቆሙ፤ ይኸውም ዊኒ በተራዋ የዋቲ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሁለቱ ወንዶች ድንጋይ አነሡ ማለት ነው። መቀመጥ ከመካብ እንደሚያደክም ያን ቀን አወቀች።

«እሱን አይደለም! ጎኑን አዙረው። አዙረው አልኩ! ክላይቭ፣ ሽቦህን ኪስህ ውስጥ መልስ። ዋቲ፣ ሲባጎውን እይ፣ ሣሩን አትይ፤ ሣሩ ይዋሽሃል።»

«በመርፌ ደንዝዛ ሳለች ምን ያህል ሰላም ነበር» አለ ዋቲ።

እያንዳንዱን ድንጋይ ሲያስቀምጥ ግን ዞሮ ያያታል። እሷም ደህና ነው ብላ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ወይም አይሆንም ብላ ትወዘውዛለች። ቀስ በቀስ መወዝወዙ እያነሰ ሄደ። የአናቱን የመጨረሻ ድንጋይ ዋቲ ብቻውን አነሣው፤ ማንም አላገዘውም፤ ዊኒ ክላይቭን በዓይኗ ከልክላዋለች።

ሊመሽ ሲል ጎን ለጎን ወረዱ፣ እሷ በወገቧ እሱ በጉልበቱ ምክንያት፣ እያጋደሉ።

«ትናንት ክፉ ተናገርኩህ» አለች ከጎማ ቦቷ ጋር እየታገለች። «ደግሞም ሐሙስ ማታ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።»

«አዎ፣ ይገባሽ ነበር።» ጥቂት እርምጃ ሄደ። «ዛሬ ጠዋት ምን ብለሽ ነበር የጮህሽው?»

«ምንም።»

«ከምኑ ላይ ውረድ ነው ያልሽው?»

«ደንግጬ ነበር። የደነገጠ ሰው ምን እንደሚል አያውቅም።»

«ሜብል ሰምታ ቢሆን…»

«ሜብል ብትሰማ ኖሮ እስከ ዛሬ ትስቅብኝ ነበር። እጅህን አምጣ፤ እዚህ ጋ ያዳልጣል።»

እሁድ ከጸሎት በኋላ መንደሩ ሁሉ ወሬውን ሰምቶ ጠበቃቸው። የጋራዡ ባለቤት ሚስት ነጭ የሱፍ ክር ይዛ መጥታ ዋቲን ለሚወለደው ሕፃንህ ሹራቡን ምን ቁጥር እንሥራ አለችው። ዋቲም በጨዋ ደንብ አመሰገነና ሰፋ ይበል፣ የአባቱ ራስ ትልቅ ነው አላት። ካፖርቱን ዊኒ አጥቤ ልስጥህ ብትለው እምቢ አለ። በበሩ ጀርባ ሰቅሎታል፤ እንግዳ ሲመጣ ዞር አድርጎ ያሳያል።

ሚያዝያ ላይ የዊኒ በጎች ወለዱ። ግልገሎቹ ትንንሽ፣ ጥቁር ፊት፣ ቀጫጭን እግር ናቸው። በምጥ የሞተች የለችም። ካቡ ክረምቱን አልፎ ቆሟል፤ ረድፉ ቀጥ ያለ ነው፤ ዳገቱ ወደ ታች ይሄዳል፣ ድንጋዩ ግን አልተከተለውም። ዋቲ የሠራበት ቦታ ትንሽ ሆዱ ይነፋል። ዊኒ አይታዋለች፤ ሸክም ይችላል ብላ ትታዋለች።

እናንተም መንገድ ጥሏችሁ በዚያ በኩል ብታልፉ ዊኒ የምትለምናችሁ ነገር አላት። የዳገቱን ስም ከፈለጋችሁ አንዳቸውን ብቻ ጠይቁ፤ ያውም ሌላው በሌለበት። ካቡ ላይ ግን አትውጡ። ሸለቆው ከበሩም ሆኖ ያው ነው፤ በሩ ነጭ ነው፤ ግቡ፣ ስትወጡም መልሳችሁ ዝጉት። ከካቡም አንዲት ድንጋይ ወድቃ ካገኛችሁ አትለፏት። አንሡና ወደ ቦታዋ መልሷት፤ ስትመልሷት እባካችሁ በአግድም አስተኟት።